ፔሮሉ ማዕከል ሲገባ ስህተቱን ማን ያርማል?

(በፍኖተ ሰላም ለመንግሥት ሠራተኞችና ለነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር)



ርዕሴ ደረቅ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ቅጥር፣ ማህደርና ደሞዝ በየመሥሪያ ቤቱ ይያዝ ወይስ በአንድ ማዕከል ይሰብሰብ የሚል ነው። ስለ ቅኔ ወይም ስለ በላይ ዘለቀ የምናገር ቢሆን አዳራሹ የበለጠ ይሞላ ነበር። ነገር ግን ወር ሲሞላ «ደሞዝ ገባ?» ብሎ የማይጠይቅ ሠራተኛ፣ መልሱን ሰምቶም ዱቤ የማይፈቅድ ወይም የማይከለክል ባለሱቅ በዚህ ከተማ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

አቋሜን ሳላዞር ልናገር። የደሞዝ ስሌት ቢማከል እደግፋለሁ። ሠራተኛውን የማወቅና ስህተቱን የማረም ሥልጣን አብሮ ወደ ማዕከል ከሄደ ግን እቃወማለሁ።

ነገሩ በአገራችን ሲሄድና ሲመለስ የኖረ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ መኳንንቱና ወታደሩ የሚያድረው በጉልትና በማደሪያ ነበር፤ በየወሩ በብር የሚቆረጥ ደሞዝ ቀስ ብሎ የመጣ ነገር ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች እየበዙ ሲሄዱ እያንዳንዱ እንዳሻው ይቀጥር፣ በራሱ ሚዛን ይከፍል ጀመር። ያንን ለማስተካከል በ1954 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞችን ጉዳይ በአንድ የሚያስተዳድር ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ዛሬ ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን የምንለው የዚያ ዘር ነው። ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ የሚለው ሐሳብ፣ ደረጃውና እርከኑ፣ ከዚያ ወዲህ የተከተለ ነው። ቅጥር በአንድ ቦታ ሲታይ ለዘመድ መቀጠር ጠበበ፤ ይህን መካድ አይገባም። በሌላ በኩል ግን የጠቅላይ ግዛት ሠራተኛ ለአንዲት የማህደር ጥያቄ አዲስ አበባ ወርዶ ደጅ የሚጠናበት ዘመን ሆነ።

በ1987 ሕገ መንግሥት ክልሎች የራሳቸውን ሠራተኛ ራሳቸው የሚያስተዳድሩ ሆኑ። በ1994 እና በ1995 ደግሞ በክልላችንና በሌሎች ትልልቅ ክልሎች በጀቱ በጥቅል ወደ ወረዳ ወረደ። እዚህ ላይ ነው የእኛ ታሪክ የሚጀምረው። ማማከል ገና ከአዲስ አበባ ሊመጣብን ያለ አዲስ ነገር የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ ወረዳዎቻችን ከጀመሩት ሃያ ዓመት አልፏል። ስሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ፑል ነው።

ፑል የተወለደው ከእጥረት ነው እንጂ ከፍልስፍና አይደለም። ገንዘቡ ወደ ወረዳ ሲወርድ ሂሳቡን የሚይዝ ሰው አብሮ አልወረደም። ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ጤና፣ ግብርና፣ ፍርድ ቤት፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሂሳብ ሹም፣ ገንዘብ ያዥ፣ ግዥና ንብረት ክፍል ይኑራቸው ቢባል ሰው ከየት ይመጣል? በዚያ ላይ የሂሳብ አያያዙ ራሱ ከነጠላ ወደ ሁለትዮሽ ምዝገባ እየተለወጠ ነበር። ስለዚህ የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የሁሉንም ሂሳብ እንዲይዝ ተደረገ። በዞንና በክልል ደረጃም ብዙ መሥሪያ ቤቶች አንድ የግዥ፣ የፋይናንስና የሰው ኃይል ደጋፊ የሥራ ሂደት እንዲጋሩ ሆነ። የሕጻናቱን ትምህርት የሚመራው ኃላፊ አንድ ቦታ ነው፤ የመምህራኑን ደሞዝ የሚሠራው ሰው ሌላ ቢሮ ውስጥ፣ ሌላ አለቃ ሥር ነው።

ይህ ምን አተረፈ? በመጀመሪያ ደረጃ፣ አንድ ሺህ ሠራተኛ ያለው ወረዳ በየቢሮው የተበታተነ ፔሮል ሳይሆን አንድ የሚታይ ፔሮል አገኘ። ኦዲተር ሲመጣ አንድ በር ያንኳኳል። የወረዳ መደበኛ በጀት እጅግ የሚበዛው ደሞዝ መሆኑን የምታውቁ ታውቁታላችሁና፣ ደሞዙን ያልተቆጣጠረ ወረዳ በጀቱን ተቆጣጠርኩ ሊል አይችልም። ቀጥሎ ደሞዝ በባንክ መግባቱ መጣ። ከዚያ በፊት ገንዘብ ያዥ ብር ተሸክሞ ገጠር ይወጣ ነበር፤ ወይም መምህሩ የወር መጨረሻ ትምህርቱን ትቶ በእግሩ ወደ ወረዳ ከተማ ይወርድ ነበር። ያንን ዘመን የሚናፍቅ ያለ አይመስለኝም።

ስሌቱ ለምን ይማከል እንደምል በቁጥር ላሳያችሁ። ከጥቅምት 2017 እስከ መስከረም 2018 ባለው ጊዜ ብቻ የደሞዝ ሠራተኛው ሥራ ሦስት ጊዜ ከሥሩ ተለውጧል። መጀመሪያ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደሞዝ ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ከፍ እንዲል ተወሰነ። በሐምሌ 2017 የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሻለና ከግብር ነጻ የሆነው መጠን ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ተነሣ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ደረጃዎችም ተለወጡ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ ዝቅተኛው ደሞዝ 6,000 ብር ሆነ። አሁን የ6,000 ብሩን ሰው እንሥራ። የመጀመሪያው 2,000 ነጻ ነው። በሚቀጥለው 2,000 ላይ 15 በመቶ፣ 300 ብር። በመጨረሻው 2,000 ላይ 20 በመቶ፣ 400 ብር። ግብሩ 700 ብር ነው። የጡረታ መዋጮው 7 በመቶ፣ 420 ብር። እጁ የሚገባው 4,880 ብር። መንግሥት በበኩሉ 11 በመቶ ጡረታ ይጨምርለታል። ይህ ስሌት በቡሬ አንድ ዓይነት፣ በሞያሌ ሌላ ዓይነት ሊሆን አይችልም። ታዲያ በየወረዳው የተቀመጠ ሠራተኛ ይህንኑ ስሌት ለእያንዳንዱ ስም በኤክሴል እየከለሰ፣ አንዱ ቀመር ሲዛባ ሺህ ሰው የሚዛባበት ምክንያት ምንድን ነው? አንድ ቦታ ተሠርቶ፣ ተፈትሾ፣ ለሁሉም ይድረስ። (ጳጉሜን በተመለከተ ማዕከሉም ወረዳውም ከጥንት ጀምሮ የተስማሙ ናቸው፤ ለአምስቱ ቀን የሚከፍል የለም።)

እንግዲህ ችግሩ ያለው ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ፔሮል ላይ ያለው ስም ከየት መጣ? ሰውየው አለ ወይ? ሠርቷል ወይ? ተዛውሯል ወይ? ይህን የሚያውቀው ማነው?

አንድ መምህር ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ ሲዛወር የሚሆነውን አስቡ። መሸኛ ይጻፍለታል፤ ደሞዙ እስከ መቼ እንደተከፈለው ይገለጻል። ተቀባዩ ወረዳ «ሰውየው ደርሷል፤ በጀቱስ?» ይላል። በዓመቱ መካከል ከሆነ ለመደቡ የተያዘ ብር ላይኖር ይችላል። ማህደሩ ከኋላ ይመጣል፤ ሲመጣ አንዲት ወረቀት ይጎድለዋል። በዚህ መሐል መምህሩ ሰኞ ክፍል ገብቶ ያስተምራል፤ ልጆቹ ያውቁታል፤ ርዕሰ መምህሩ ያውቀዋል፤ የሚያከራየው ሰው በደንብ ያውቀዋል። የማያውቀው ፔሮሉ ብቻ ነው። ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሲሄድ «የእኛ ሥራ አይደለም፣ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ጠይቅ» ይባላል። ገንዘብ ጽሕፈት ቤት «ከሰው ኃይል ደብዳቤ አልደረሰንም» ይለዋል። የሰው ኃይል ደግሞ «ከላከህ ወረዳ አላገኘንም» ይላል። ሦስቱም ቢሮዎች የሚናገሩት እውነት ነው። ከሦስቱ መካከል የዋሸ ሰው አለመኖሩ ነው ነገሩን ይበልጥ የሚያስመርረው። ውዝፉ አንድ ቀን ይከፈላል፤ የተበደረበትን ወለድ ግን ማንም አይከፍልለትም።

አሁን ይህንኑ ከወረዳ ወደ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ አንሡት። ሦስቱ በሮች ይቀሩና አንድ በር ይሆናሉ፤ በሩ ግን የማይደረስበት ይሆናል። የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይሻላል የሚባለው እዚህ ይሠራል።

ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ከእኛ እጅግ ሀብታም በሆነ አገር የደረሰ ነው። የካናዳ መንግሥት በየመሥሪያ ቤቱ ተበትኖ የነበረውን የደሞዝ ሥራ ሚራሚሺ በምትባል ትንሽ ከተማ ለመሰብሰብ ወሰነ። በዓመት 70 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር እናተርፋለን ተባለ። በየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛውን በስም የሚያውቁ 1,200 ያህል የደሞዝ ባለሙያዎች ቦታቸው ተሰርዞ በማዕከሉ 550 ያህል ተቀጠሩ፤ ብዙዎቹም አዳዲስ ነበሩ። ፊኒክስ የተባለው ሥርዓት በየካቲት 2008፣ በእነሱ 2016 መጀመሪያ፣ ሥራ ጀመረ። አንዱ ደሞዝ ቀረበት፣ ሌላው እጥፍ ተከፈለው፣ በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለችው ክፍያዋ ተዛባባት። ከ290,000 ከሚሆኑት ሠራተኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ችግሩ ነካቸው። የአገሪቱ ዋና ኦዲተር በእነሱ 2018 ባወጡት ሪፖርት ሊገባኝ የማይችል ውድቀት ነው አሉት። ለማስተካከል የወጣው ገንዘብ ከቢሊዮን ዶላር አልፏል። ኮምፒዩተር አላነሳቸውም፤ መብራትም አልጠፋባቸውም። ያሰናበቱት፣ የእያንዳንዱን ሰው ጣጣ የሚያውቀውን ሰው ነው።

ማዕከል የሚደግፉ ወገኖች ደግሞ ታንዛንያንና ናይጄሪያን ይጠቅሳሉ፤ ልክ ናቸው። ታንዛንያ በፕሬዚዳንት ማጉፉሊ ዘመን በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባደረገችው ማጣራት በስም ብቻ ያሉ ከ10,000 በላይ ሠራተኞች ከፔሮል ወጡ። ናይጄሪያ በዚያው አቆጣጠር ከ2007 ጀምሮ የፌዴራል ደሞዝን በአንድ ሥርዓት ስትሰበስብ እንደዚሁ የሌሉ ሰዎችን አገኘች። ነገር ግን የናይጄሪያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከዚሁ ሥርዓት ጋር ለዓመታት ተጣሉ፤ የምርምር ፈቃዱን፣ የጎብኚ መምህሩን፣ የትርፍ ጊዜ ክፍያውን ማዕከሉ አይረዳውም አሉ፤ በመጨረሻ በ2023 መንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ከሥርዓቱ እንዲወጡ ወሰነ።

የሌለ ሰው እንዴት ፔሮል ላይ ይኖራል? ሥራ የለቀቀውን፣ የሞተውን፣ ትምህርት የሄደውን ማንም «ይቁም» ብሎ ስላላመለከተ ነው። ማዕከሉ በኮምፒዩተር አንድ ሰው በሁለት ቦታ መከፈሉን ሊይዝ ይችላል። በ1284/2015 አዋጅ ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ፋይዳ መታወቂያ እዚህ ላይ ትልቅ ጉልበት ነው። ማህደሩ ላይ በ«ኀ» የተጻፈው ኃይሉ ፔሮል ላይ በ«ሀ»፣ ባንክ ደብተር ላይ ደግሞ በላቲን ፊደል ሦስተኛ ሰው ሆኖ የሚገኝበት አገር ነንና፣ አንድ ቁጥር ይበጀናል። ፋይዳ አንድ ሰው አንድ ሰው መሆኑን ይነግረናል፤ ሰኞ ጧት ክፍል መግባቱን ግን አይነግረንም። ያንን የሚነግረን ርዕሰ መምህሩ ነው፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነው፣ የቀበሌው ሕዝብ ነው። እርግጥ ቅርበትም ኃጢአት አለው፤ የጓደኛውን መቅረት የሚሸፍን ርዕሰ መምህር የለም አልልም። መድኃኒቱ ግን የመቆጣጠሪያ ሰነዱን ከሩቅ ቢሮ ማስቀመጥ አይደለም። የወሩ የሥራ ላይ ዝርዝር በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የወላጅ ዓይን ከማንም ኦዲተር ይቀድማል።

ስለ መቋረጥም መናገር አለብኝ፤ በዚህ አካባቢ የምንኖር ሰዎች ዝም ልንለው አንችልም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። መንገድ ሲዘጋ፣ ባንክ ሲዘጋ አይተናል። በትግራይ ጦርነት ጊዜ በጀት ቆሞ፣ ባንክ ተዘግቶ የመንግሥት ሠራተኛው ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደሞዝ ቆየ። ሁሉ ነገር በአንድ ቧንቧ ሲያልፍ ቧንቧው ላይ ያለው እጅ ሁሉን ሊያደርቅ ይችላል፤ በክፋትም ይሁን በብልሽት። እኛ ይህን ከቆጋ መስኖ ተምረናል። የቆጋ ግድብ አንድ ነው፣ ሰባት ሺህ ሔክታር እንዲያጠጣ የታሰበ። ነገር ግን ውሃው ከግድቡ በቀጥታ ማሳ አይገባም፤ በመሐል ሌሊት የሚጠራቀምባቸው ኩሬዎች አሉ፣ ተራውን የሚያውቁ የውሃ ተጠቃሚዎች አሉ። የደሞዝ ማዕከልም እንዲህ ይሠራ። ኔትወርክ ቢጠፋ ወረዳው ያለፈውን ወር ፔሮል በእጁ ይዞ፣ በሕግ ተፈቅዶለት፣ ያንኑ መጠን ይክፈል፤ ልዩነቱ በኋላ ይስተካከል።

ብዙ ሰው የማያነሳው ሌላ ጉዳይ አለ፤ እኔ ግን ዋናው ይመስለኛል። ፔሮልን አንድ ቦታ መሰብሰብ ለመክፈል እንደሚመች ሁሉ ለመቁረጥም ይመቻል። መጋቢት 2003 የህዳሴ ግድብ ሲጀመር የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደሞዙን ቃል ገብቶ በየወሩ እየተቆረጠበት ቦንድ ገዛ፤ ብዙዎቻችን በደስታ ነው ያደረግነው፤ ግድቡም ተመርቆ አየነው። ነገር ግን መንገዱ አንዴ ከተከፈተ ለግድብ ብቻ አይከፈትም። ለዚህ መዋጮ፣ ለዚያ ክብረ በዓል፣ «ሠራተኛው በስብሰባ ተስማምቷል» እየተባለ ይቆረጣል። በስብሰባ መስማማትና በፊርማ መስማማት አንድ አይደሉም። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ከወር ደሞዝ የሚቆረጠው ከሲሶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ፔሮሉ በወረዳ ሳለ የተቆረጠበት ሰው ቢያንስ የቆረጠበትን ሰው ገጽ ያውቃል፤ መንገድ ላይ ያገኘዋል፤ ይጠይቀዋል። በማዕከል ግን አንድ ሰው አንድ ቁልፍ ተጭኖ ከመቶ ሺህ ሰው ሊቆርጥ ይችላል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል። ስለዚህ ሥርዓቱ ራሱ፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ፣ ያለ ሠራተኛው የግል ፊርማ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከግብርና ከጡረታ ውጭ ምንም እንዳይቆርጥ ሆኖ ይሠራ። ይህ በመመሪያ የሚተው ነገር አይደለም፤ መመሪያ በስልክ ይሻራል።

ጡረታን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የደሞዝ ስህተት በዚያው ወር ይታያል። የጡረታ ስህተት ግን ሠላሳ ዓመት ተኝቶ ሰውየው ስድሳ ዓመቱ ሲሞላ ይነቃል። በመጀመሪያ ቅጥር ቅጽ ላይ የተሞላው የልደት ዘመን፣ በአንድ ወረዳ የተሠራ የሁለት ዓመት አገልግሎት፣ ሳይላክ የቀረ መዋጮ፤ ያኔ የሞላው ሰው የለም፣ ወረዳው ስሙን ቀይሯል፣ ማህደሩን አይጥ በልቶታል። እዚህ ላይ ማዕከል ከወረዳ ይሻላል፤ በግልጽ ይሻላል። ሁሉም ማህደር ዛሬውኑ ተቃኝቶ በአንድ ቋት ቢቀመጥ፣ ሠራተኛውም የራሱን ገጽ በየዓመቱ አይቶ ቢፈርም፣ በዕድሜው ማምሻ በየቢሮው ከመንከራተት ይድናል።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የምታስተዳድሩ ሰዎች አላችሁ፤ ልመናዬ ለእናንተ ነው። ማዕከሉ ይምጣ ብላችሁ ስትፈርሙ ሦስት ነገር ሳይያዝ አትፈርሙ። ሠራተኛው በየወሩ በአማርኛ የተጻፈ የደሞዝ ዝርዝር ይድረሰው፤ አሁን በስልኩ የሚመጣው መልእክት የገባውን ብር ብቻ ይነግረዋል እንጂ ምን እንደተቆረጠና ለምን እንደሆነ አይነግረውም። በየወረዳው ስሙና ስልኩ በሰሌዳ የተለጠፈ፣ ማዕከሉን ሳያስፈቅድ በወሩ ውስጥ ስህተት የማረም ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ይቀመጥ። ዛሬ ፑል ላይ የሚሠሩት የሂሳብና የሰው ኃይል ሠራተኞችም «ማዕከል መጣ» ተብሎ እንዳይበተኑ፤ የመምህሩን፣ የነርሷን፣ የግብርና ባለሙያውን ጣጣ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና። ሠራተኞችም፣ እናንተ፣ የዚህን ወር ደሞዛችሁን ዛሬ ማታ ቁጭ ብላችሁ ራሳችሁ አስሉት፤ ያልገባችሁ ቁጥር ካለ ነገ ጧት ሄዳችሁ ጠይቁ።